ከመስኮቱ በፊት የተጀመሩ ዘፈኖች

ድራም በእጅ ብቻ የሚመታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ከነዚህ አንዷ ነበርኩ። ጃዝ የሚጫወት ድራመር አጠገብ ቆማችሁ ካያችሁ ግን ከወገብ በታች ያለው ሥራ ከላይኛው እንደማያንስ ይገባችኋል። ቀኝ እጅ ሰፊው ሲምባል ላይ ጊዜውን ይጠብቃል። ግራ እጅ በትንሿ ድራም ጣልቃ እየገባ አስተያየቱን ይሰጣል። ቀኝ እግር የትልቁን ድራም ፔዳል ይረግጣል። ግራ እግር ደግሞ ተደራርበው የተሰቀሉትን ሁለት ሲምባሎች እየከፈተና እየዘጋ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ያስራል። አራት አካል፣ አራት የተለያየ ሥራ፣ አንድ ጭንቅላት።

እንግሊዛዊው ሮበርት ዋያት ከአራቱ ሁለቱን ያጣው እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1973 ነው። ለንደን ውስጥ፣ ማይዳ ቬል በሚባለው ሰፈር፣ የጓደኞቹ የልደት ድግስ ላይ ነበር። ጠጥቷል፤ ያውም ክፉኛ ጠጥቷል። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ወደቀ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዘለትም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ ከወዲሁ ልናገር። ሌላም ልናዘዝ፦ ሰውየው በ1945 የተወለደ፣ ለእኔ አያት የሚሆን ሰው ነው። ወጉ አንቱ ማለት ነበር። ግን ዘፋኝን አንቱ እያልኩ ልጽፍ ብሞክር ብዕሬ እምቢ አለኝ።)

እንግዲህ የዋያት ታሪክ በየቦታው ሲነገር ከዚህች መስኮት ይጀምራል። ድራመር ነበር፤ ወደቀ፤ ዊልቸር ላይ ተቀመጠ፤ ድራሙ ስለተወሰደበት መዝፈን ጀመረ፤ ድንቅ አልበም ሠራ። ያምራል አይደል? ጋዜጠኝነት ስንማር «አንግል» ይሉን ነበር፤ ታሪኩን ከየትኛው ጫፍ ይዘሽ ነው የምትገቢው እንደማለት። የዋያት መስኮት ደግሞ ማንም የማይስተው አንግል ነው። እኛ አገርም የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ርእሱ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ «አካል ጉዳት ያልበገረው…»። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የቤት ሥራ እንዲህ ብዬ የጻፍኩት ርእስ አለ። ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ፤ ዛሬ ሳየው ግን አፍራለሁ።

የማፍረው አክብሮት ስለጎደለው አይደለም፤ ውሸት ስለሆነ ነው። ቢያንስ የዋያትን በተመለከተ ውሸት ነው። ዘፈኖቹ የተጀመሩት ከመስኮቱ በፊት ነው። ድምፁም ከመስኮቱ በፊት ነበረ። ያውም ድምፁን ዝም ያሰኙት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ በሁለት እግሩ በቆመበት ዘመን ነው።

ከልጅነቱ እንነሳ። የተወለደው ብሪስቶል ነው። እናቱ ኦነር ዋያት ለቢቢሲ የምትሠራ ጋዜጠኛ ነበረች፤ አባቱ ጆርጅ ኤሊጅ የሥነ ልቦና ባለሙያ። ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ኬንት ውስጥ፣ ዶቨር ወደብ አጠገብ ወዳለች ሊደን ወደምትባል መንደር ሄደ። አባቱ መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው፣ ቀስ በቀስ አካልን በሚያዝል የነርቭ በሽታ የተያዘ ሰው ነበር፤ በ1963 ሞተ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰውነቱ እያደር የሚከዳውን ሰው ገና በልጅነቱ ቤቱ ውስጥ አይቶታል።

ያ አባት ግን ለልጁ የዘመናዊ ሙዚቃና የጃዝ ሸክላዎች ፍቅር አውርሶት ነው የሄደው፤ ዱክ ኤሊንግተን ዕድሜ ልኩን ያልተለየው ጌታው ነው። የሊደኑ ቤት ሰፊ ስለነበር ክፍሎቹ ይከራዩ ነበር። ከተከራዮቹ አንዱ ዴቪድ አለን የሚባል አውስትራሊያዊ ገጣሚና ጊታሪስት ነው፤ የጃዝ ሸክላውን ተሸክሞ መጣ። ሌላው ጆርጅ ናይዶርፍ የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ ድራመር ሲሆን ዋያትን ድራም ያስተማረው እሱ ነው። በ1962 ሁለቱ ተያይዘው ወደ ስፔኗ ማዮርካ ደሴት ሄዱና የእናቱ ወዳጅ ከሆነው ከባለቅኔው ሮበርት ግሬቭስ መንደር ከረሙ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደሴት ላይ ከድራም አስተማሪው ጋር! እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለማትሪክ አጠና ነበር።

ስለዚህ ዋያት የተሠራው ከጃዝ ነው። በ1966 ከአለን፣ ከኬቪን ኤርስና ከኪቦርድ ተጫዋቹ ማይክ ራትሌጅ ጋር «ሶፍት ማሽን» የሚባለውን ባንድ ሲመሠርቱ ዓለም ሮክ ሮክ ይል ነበር፤ እነሱም ከፒንክ ፍሎይድ ጋር «ዩፎ» በሚባለው የለንደን ክለብ ይጫወቱ ነበር። ከሥር የሚሄደው ድራም ግን ለዳንስ የሚመታ ድራም አልነበረም፤ ከዘፈኑ ጋር የሚከራከር የጃዝ ድራም ነው። (በ1967 ከፈረንሳይ ሲመለሱ አውስትራሊያዊው አለን እንግሊዝ እንዳይገባ ተከለከለ። ቪዛ የሚያሰቃየው እኛን ብቻ ለሚመስላችሁ መጽናኛ ትሁን።) በ1968 ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር አሜሪካን ዞሩ፤ ሄንድሪክስ ከመድረክ ከመውጣቱ በፊት ተመልካቹን የሚያሟሙቁት እነሱ ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸውንም ኒውዮርክ ውስጥ የቀዱት በዚያው ዓመት ነው።

ድራሙን የሚመታው ዋያት ነው፤ የሚዘፍነውም ዋያት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሥራት ምን ያህል እንደሚከብድ ሙዚቀኛ ጓደኛ ያላችሁ ጠይቁ። እግርና እጅ ወዲያ ሲሄዱ ትንፋሽ ወዲህ ይሄዳል። ድምፁ ደግሞ የሮክ ዘፋኝ ድምፅ አይደለም። ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ ሊሰበር የደረሰ የሚመስል ግን የማይሰበር። ደግሞም የራሱን የእንግሊዝ አነጋገር ሳይለውጥ ነው የሚዘፍነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዘፋኞች አፋቸውን ሲከፍቱ አሜሪካዊ ይሆኑ ነበር፤ እሱ ጎረቤቱን ሻይ ጠጪ ብሎ የሚጠራ ሰው ይመስላል።

ስለ ሻይ ካነሳን፣ በ1969 ቢቢሲ ስቱዲዮ ገብተው ሲቀዱ ዋያት «ሙን ኢን ጁን» የተባለውን ረጅም ዘፈኑን ግጥም እዚያው ለውጦ ስለ ቢቢሲ ራሱ ዘፈነ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው የሻይ ማሽን ሳይቀር ገብቶበታል። አዝማሪ ቤት ተቀምጣችሁ የምታውቁ ሰዎች ይህ ምን ዓይነት ችሎታ እንደሆነ አልነግራችሁም።

ችግሩ ያለው እዚችው ዘፈን ላይ ነው። ባንዱ እያደር ወደ ንጹህ የመሣሪያ ጃዝ እየሄደ ነበር። ሳክስፎን ተጨመረ፤ ኖታው ተወሳሰበ፤ ዘፈን እንደ ልጅነት ነገር ይታይ ጀመር። በ1970 የወጣው ሦስተኛው አልበማቸው ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሥራ። ሦስቱ ገጾች ቃል የላቸውም። አራተኛዋ የዋያት «ሙን ኢን ጁን» ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ። ጓደኞቹ ብዙም ስላልፈለጓት የመጀመሪያውን ግማሽ ኪቦርዱንም ባሱንም ድራሙንም እሱ ራሱ ተጫወተው፤ እነሱ የሚገቡት ወደ ኋላ ላይ ነው። ሶፍት ማሽን ከዚያ በኋላ ግጥም ያለው ዘፈን አልቀዳም። በ1971 በወጣው አራተኛው አልበም ዋያት ድራሙን ይመታል፤ አፉ ግን ተዘግቷል።

አስቡት። ዘፋኝ ነህ፤ ባንዱን የመሠረትከው አንተ ነህ፤ ጓደኞችህ «አንተ ዝም ብለህ ምታ» ይሉሃል። በቃል አላሉትም ይሆናል፤ አልበሙ ግን ብሎታል።

በዚያው በ1970፣ ኦገስት 13 ቀን፣ ሶፍት ማሽን ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ በ«ፕሮምስ» ተጋበዘ። ፕሮምስ የክላሲካል ሙዚቃ ትልቁ ዓመታዊ ድግስ ነው፤ እንዲህ ያለ ባንድ እዚያ መድረክ ላይ መውጣቱ ጉድ ተብሏል። ዋያት ራሱ የሚያወራት ወግ አለች። ተራቸው ሳይደርስ ሲጋራ ሊያጨስ በኋላ በር ወጣ፤ ሲመለስ ዘበኛው አላስገባም አለው። እዚህ ልጫወት የመጣሁ ነኝ ቢለው፣ እዚህ የሚቀርበው ደንበኛ ሙዚቃ ብቻ ነው ብሎ መለሰለት። እኔ ይህችን ወግ የምወዳት ስለሚያስቅ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት ዘበኛውም ጓደኞቹም ለዋያት የሚሉት ነገር አንድ ዓይነት ስለነበረ ነው።

በ1971 ተለያዩ። ዋያት ከባንዱ እንደተባረረ ነው የሚቆጥረው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲነሳ ድምፁ የሚለወጠው በመስኮቱ ሳይሆን በዚህ ነው። የአዲሱን ባንዱን ስም «ማቺንግ ሞል» አለው። ፈረንሳዮች ሶፍት ማሽንን ሲተረጉሙት «ማሺን ሞል» ይላሉ፤ ቃሉን ጠምዝዞ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች ወርቁን ማግኘት አይከብደንም፦ ስሙን ወስዳችሁብኛል፣ እኔም መልሼ ወስጄዋለሁ። ባንዱ በ1972 ሁለት አልበም አውጥቶ ፈረሰ።

አሁን ወደ ቬኒስ እንሂድ፤ ምክንያቱም ክርክሬ ያለው ቬኒስ ላይ ነው። ዋያት በዚህ ጊዜ ከአልፍሬዳ ቤንጅ ጋር ፍቅር ይዞታል። አልፊ ይሏታል፤ ሠዓሊ ናት፣ ፊልም ላይም ትሠራለች። ከ1972 ወደ 1973 በሚያሻግረው ክረምት የኒኮላስ ሮግ «ዶንት ሉክ ናው» ፊልም ቬኒስ ላይ ሲቀረጽ እሷ ሥራ አግኝታ ሄደች። ዋያት ተከትሏት ሄደ። ባንድ የለውም፤ ድራም የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ቤት ነው። እንዳይሰለቸው ብላ አንዲት ርካሽ፣ ትንሽ ኪቦርድ ገዛችለት። የኪቦርዷ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ውኃ ላይ እንደወደቀ ብርሃን። በዚያች ኪቦርድ ላይ ዘፈን መሥራት ጀመረ። ዝግ ያሉ፣ ረጃጅም፣ ባሕር ባሕር የሚሉ ዘፈኖች።

እነዚህ ናቸው በኋላ «ሮክ ቦተም» የሆኑት። ተረቱ ከአደጋው ስቃይ የተወለደ አልበም ነው ይለናል፤ ርእሱም የመጨረሻው ወለል እንደማለት ነውና ለተረቱ ይመቸዋል። እውነቱ ግን አብዛኛው ሙዚቃ የተጸነሰው ጤነኛ ሰው፣ በፍቅር ያለ ሰው፣ ሥራ ፈቶ ቬኒስ የተቀመጠ ሰው እጅ ላይ ነው። ወደ ለንደን የተመለሰው እነዚያን ዘፈኖች የሚጫወትለት አዲስ ባንድ ሊያቋቁም ነበር። ባንዱም እየተሰባሰበ ነበር። ከዚያ መስኮቱ መጣ።

መስኮቱ ምንም አልለወጠም እያልኩ አይደለም፤ ያ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። ዋያት ብዙ ወራት የቆየው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነው፤ የአከርካሪ ጉዳት ሕክምና የሚታወቅበት፣ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ውድድር ዘር የተዘራበት ግቢ። ወራት በጀርባው ተኝቶ ጣራ ጣራ ሲያይ ከረመ። ከአልጋ ሲነሳ የጠያቂዎች ክፍል ውስጥ አሮጌ ፒያኖ አገኘና የቬኒስ ዘፈኖቹን እዚያ ቀጠለ። በኖቬምበር 1973 ፒንክ ፍሎይድና ያው የቀድሞ ባንዱ ሶፍት ማሽን ለንደን ሬይንቦው ቲያትር ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጫውተው ገንዘብ ሰበሰቡለት። (ያባረሩት ሰዎችም መጡ ማለት ነው። ሰው እንዲህ ነው።)

የተለወጠው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ፔዳሉ ነው። ትልቁ ድራም ሄደ፤ በእግር የሚከፈተው ሲምባል ሄደ። ባንድ መምራትም ሄደ፤ ከከተማ ከተማ መዞር፣ መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት መቆየት ሁሉ ሄደ። የቀረው እጅ፣ ትንፋሽና ጆሮ ነው። እንደ ባንድ አባል ማሰቡንም ተወ፤ ለየዘፈኑ የሚስማማውን ሰው እየጠራ መሥራት ጀመረ። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ለድራመር ትልቁ ለውጥ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ሁሉን የሚሸከም ሰው ነበር፣ አሁን ፊት ተቀምጦ ቦታ የሚያድል ሰው ሆነ።

«ሮክ ቦተም»ን አዳምጡት። ስድስት ዘፈን ብቻ ነው። ፕሮዲውሰሩ የፒንክ ፍሎይዱ ኒክ ሜሰን ነው፤ እሱም ድራመር መሆኑን አትርሱ። የተቀዳው ባብዛኛው ዊልትሸር ገጠር ውስጥ ዴልፊና የምትባል ወዳጃቸው እርሻ ቤት፣ መቅረጫውን በመኪና አምጥተው ነው። የሚያስገርመው ድራሙ ነው። ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ድራም የመታባቸው ቦታዎች አሉ፤ በቀረው ግን ዋያት ያገኘውን ነው የሚመታው። የአልበሙ ሽፋን ላይ በዋያት ስም ከተጻፉት መሣሪያዎች መካከል «የዴልፊና ትሪ» ይገኛል። አዎ፣ ትሪ፤ ቡና የሚቀርብበት ዓይነት። «የዴልፊና የወይን ብርጭቆ»ም አለ። «አሊፊብ» በተባለው ዘፈን ደግሞ ከሥር የሚሄደው ምት ከመሣሪያ አይደለም፤ የገዛ ትንፋሹ ነው፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ። ከዚያ በላዩ ላይ እንደ ሕፃን በተሰባበረ ቋንቋ የአልፊን ስም ይጠራል። በተከታዩ ዘፈን መጨረሻ ላይ አልፊ በገዛ ድምፅዋ ትመልስለታለች፤ ቆጣ ብላ፣ እኔ የምግብ ጓዳህ አይደለሁም በሚል መንፈስ። የፍቅር ዘፈን ውስጥ ተፈቃሪዋ ገብታ ስትቃወም የሰማሁት እዚህ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ልጨምርላችሁ። በዚህ አልበም ውስጥ እንደ ወፍ መንጋ የሚደራረበውን ትራምፔት የሚነፋው ሞንጌዚ ፌዛ ነው። ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ በ1964 «ብሉ ኖትስ» ከሚባለው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ባንድ ጋር ከአፓርታይድ ሸሽቶ የወጣ። ዋያት በሚቀጥለው አልበሙ የፌዛን «ሶኒያ» ተጫውቶለታል። ፌዛ በ1975 ዲሴምበር ለንደን ውስጥ በሠላሳ ዓመቱ ሞተ፤ አገሩን ሳያይ። ዋያት ከጊዜ በኋላ ትራምፔት ማንሳቱን ሳስብ እሱ ትዝ ይለኛል፤ ግንኙነት አለው ማለቴ አይደለም፣ ትዝ ይለኛል ነው ያልኩት።

አልበሙ ጁላይ 26 ቀን 1974 ወጣ። በዚያው ቀን ዋያትና አልፊ ተጋቡ።

ከሁለት ወር በኋላ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ኒል ዳይመንድ የጻፈውን፣ መንኪስ በ1966 ያዜሙትን «አይም ኤ ቢሊቨር» ዋያት በነጠላ ዜማ አውጥቶት እንግሊዝ ውስጥ 29ኛ ደረጃ ደረሰ። 29ኛ ማለት ቴሌቪዥን ማለት ነው፤ ሐሙስ ማታ አገሩ ሁሉ ወደሚያየው «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ተጠራ። ስቱዲዮ ሲደርስ የዝግጅቱ ኃላፊ ዊልቸሩ እንዳይታይ፣ ሌላ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ጠየቁት። ምክንያታቸው ዊልቸር ለቤተሰብ መዝናኛ ተስማሚ አይደለም የሚል ነበር። ዋያት ተቆጣ፤ ጮኸ፤ ከዊልቸሩ አልወርድም አለ። አልወረደም። ተቀረጸ፣ ታየ።

እዚህ ጋ ነው ያ የተማሪነቴ ርእስ የሚያሳፍረኝ። ኃላፊው ዊልቸሩን ሊደብቁት ፈለጉ፤ እኔ ደግሞ ከዊልቸሩ በስተቀር ሌላ ነገር እንዳይታይ አደርጋለሁ። ሁለታችንም ዘፈኑን አልሰማነውም። ዋያት በዚያ ምሽት የፈለገው ይህን ነበር ብዬ አፉ ውስጥ ቃል አልጨምርም። የፈለገው ዘፍኖ መሄድ ይመስለኛል።

ከዚያ ያለውን ልለፍ። በ1975 ሌላ አልበም ሠራ፤ ከዚያ ለዓመታት ጸጥ አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የብሪታንያ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ጋ ስደርስ ጸጉሬ ይቆማል። እሱ ለንደን ውስጥ የፓርቲ መታወቂያ በሚያወጣበት ጊዜ እኛ አገር በዚያው ማርክሲዝም ስም ወጣቱ መንገድ ላይ ይረሸን ነበር፤ ቤቱ የጎደለበት ያውቀዋል። ዋያት ስለዚህ የሚያውቀው ምን ያህል እንደሆነ አላነበብኩም፤ ለእሱ ፓርቲው ከዘረኞችና ከሀብታሞች ወገን አለመሆን ማለት ነበር። ሁለቱንም በአንድ እጅ ይዤ ነው የማዳምጠው። ከብዶኛል፣ ግን አልጣልኩትም።

ምክንያቱም ከዚያ ፖለቲካ ውስጥ የወጡ ሥራዎች አሉ። ከ1980 ጀምሮ ለሮህ ትሬድ ሳይሆን ለሰዎች ብሎ የዘፈነ ይመስላችኋል፤ «ራፍ ትሬድ» በሚባለው ትንሽ ኩባንያ በኩል የሌሎችን ዘፈን እየወሰደ ነጠላ ነጠላ አወጣ፦ የቺሊዋን የቪዮሌታ ፓራን፣ የኩባን፣ የ«ሺክ»ን የዳንስ ቤት ዜማ ሳይቀር። በ1982 እንግሊዝና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ተዋጉ። ክላይቭ ላንገር ለዋያት ድምፅ ብሎ ዜማ ሠርቶ ነበር፤ ኤልቪስ ኮስቴሎ ግጥም ጻፈበት። «ሺፕቢልዲንግ» ይባላል፤ መርከብ ግንባታ። ሥራ የጠፋበት የወደብ ከተማ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ መርከብ ስለሚፈለግ ሥራ ይመጣል፤ አባት ደመወዝ ያገኛል፤ ልጅ በዚያው መርከብ ተጭኖ ይሄዳል። ይኸው ነው ነገሩ። ዋያት አይጮህበትም፤ የሰፈር ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። በ1983 እንደገና ሲወጣ 35ኛ ደረጃ ደረሰ። እኔ ጦርነት ስለሚባል ነገር ከሰማኋቸው ዘፈኖች ሁሉ የምመርጠው ይህን ነው፤ ፉከራም ሙሾም ስላልሆነ።

በ1985 ደግሞ ለናሚቢያ ነጻነት ከሚታገለው ከስዋፖ ዘማሪዎች ጋር «ዘ ዊንድ ኦፍ ቼንጅ» የሚል ነጠላ ዜማ አወጣ። ናሚቢያ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል የነበረችውና ደቡብ አፍሪካ የያዘቻት አገር ናት። ይህችን ጉዳይ በ1960 ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ወስደው የከሰሱት ሁለት አገሮች ላይቤሪያና ኢትዮጵያ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በ1966 ከሳሾቹ መብት የላቸውም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ዋያት ከሃያ ዓመት በኋላ በዘፈን ይግባኝ ያለ ይመስለኛል። ናሚቢያ በ1990 ነጻ ወጣች።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሊንከንሸር ውስጥ ላውዝ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ገቡ። ከዚያ ያወጣቸው አልበሞች በየስድስት ዓመቱ አንድ ይመጣሉ፤ «ዶንደስታን» በ1991፣ «ሽሊፕ» በ1997፣ «ኩኩላንድ» በ2003። ብዙዎቹን ግጥሞች አልፊ ነች የጻፈችው፤ የሽፋን ሥዕሎቹንም እሷ። ስለ ዋያት የሚጽፉ ሰዎች «ሚስቱ ረዳችው» ብለው ያልፏታል፤ የሥራ ባልደረባው ብሎ መጻፍ ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም። በነዚህ አልበሞች ድምፁ ወርዷል፣ ሻክሯል፤ እሱም ኮርኔት እየነፋ ያሳርፈዋል። ድራሙም ተመልሶ መጥቷል፤ ፔዳል የሌለው ድራም፣ ሲምባልና እጅ ብቻ። ስትሰሙት ጊዜ የሚጠብቅለት እግር የለምና ጊዜው ራሱ ይንሳፈፋል። በ2007ቱ «ኮሚኮፔራ» ሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መዝፈን ትቶ በጣሊያንኛና በስፓኒሽ ብቻ ይዘፍናል፤ ያኔ አገሩ በኢራቅ ጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ቋንቋው ራሱ አስጠልቶት ነው።

ቀልድም አለ። በ2006 ገደማ የእንግሊዝ ወጣቶች መጠጥ ቤት ገብተው፣ ሳንቲም ከሚጎርሰው የሙዚቃ ማሽን ላይ ሆን ብለው ከባድ ከባድ ሙዚቃ መርጠው ጠጪውን ማደናገር ጀመሩ። ለዚህ ተንኮል የወጣለት ስም «ዋያቲንግ» ነው፤ ከሱ ስም የተሠራ ግስ። እሱ ሲነገረው ሳቀ፤ ግስ መሆን ክብር ነው አለ ይባላል።

በ2014 ሙዚቃ መሥራት አቁሜያለሁ ብሎ ተናገረ። የስንብት ዝግጅት የለም፣ የመጨረሻ ጉዞ የለም። አቆምኩ አለ፣ አቆመ።

ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ በ«ሺፕቢልዲንግ» ግቡ፤ ሦስት ደቂቃ ነው፣ አያስቸግርም። ከወደዳችሁት «ሮክ ቦተም»ን ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ። መብራት ሲጠፋም ይሆናል፣ ባትሪ ካላችሁ። ጠንካሮች ደግሞ የ1970ዋን «ሙን ኢን ጁን» ሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ደቂቃዎች ላይ ልጁ ብቻውን ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፣ አራቱም አካሉ ይሠራል፣ ማንም እንዲዘፍን አልፈቀደለትም፣ እየዘፈነ ነው።